መልሱ አለ፣ የሚያውቀው ግን የለም

ጊዜው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ግራንድማስተር ዋልተር ብራውን ከአንድ የቼስ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ የቀሩት አራት ጠጠሮች ብቻ ናቸው፤ የብራውን ንጉሥና ንግሥት፣ የተጋጣሚያቸው ንጉሥና ግንብ። በዚህ ዓይነት ፍልሚያ ንግሥት ያለው ወገን እንደሚያሸንፍ የቼስ መጻሕፍት ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዘዴውም የታወቀ ነው። ግንቡ ከንጉሡ እንዲርቅ ይገደዳል፤ ከዚያ ንግሥቲቱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታጠቃለች፤ ግንቡም ይበላል። ብራውን የአሜሪካን ሻምፒዮና ደጋግመው ያሸነፉ ሰው ናቸውና በራሳቸው ተማምነው 100 ዶላር አስይዘዋል።

ተጋጣሚያቸው ኮምፒውተር ነበር። ያዘጋጁት የቤል ላብራቶሪው ኬን ቶምፕሰን ናቸው፤ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከፈጠሩት አንዱ። ቶምፕሰን ለማሽኑ የቼስ ብልሃት አላስተማሩትም። እነዚህ አራት ጠጠሮች ሰሌዳው ላይ ሊቀመጡ የሚችሉባቸውን አሰላለፎች በሙሉ ዘርዝረው፣ ለእያንዳንዱ ከሁሉ የተሻለው መከላከያ የትኛው እንደሆነ አሰልተው አስቀመጡለት።

ጨዋታው ሲጀመር የነበረው አሰላለፍ ያለ ስህተት ከተጫወቱበት በ31 እርምጃ የሚያልቅ ነበር። ብራውን 50 እርምጃ ተሰጣቸው፤ በቼስ ሕግ ጠጠር ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ 50 እርምጃ ካለፈ አቻ መጠየቅ ይቻላልና። ማሽኑ ግን ሰው በማይከላከልበት መንገድ ተከላከለ። ግንቡን ከንጉሡ ጎን ማቆየት ሲገባው ራቅ ወዳለ ቦታ ይልከዋል፤ ስህተት መስሏቸው ሊቀጡት ሲሞክሩ መቅጫው የለም። 45ኛው እርምጃ ላይ በቀሩት እርምጃዎች እንደማይጨርሱ ገባቸው። ብራውን ወደ ቤታቸው ሄደው ነገሩን አጠኑ፤ ተመልሰውም ሌላ ተመሳሳይ አሰላለፍ ተጫወቱ። በዚህኛው ግንቡን በሉት፣ ያውም ልክ በ50ኛው እርምጃ።

ብራውን የተፋለሙት ፍጹም ከሆነ ተጫዋች ጋር ነበር። «ፍጹም» የምለው ለአድናቆት አይደለም። በእነዚያ አራት ጠጠሮች ክልል ውስጥ ማሽኑ የማይሳሳት ብቻ ሳይሆን ሊሳሳትም የማይችል ነበር። እንዲህ ያለ ፍጽምና ወደ ሠላሳ ሁለቱም ጠጠሮች ሊዘልቅ ይችላል? ቼስ አንድ ቀን ተፈትቶ «ነጭ ያሸንፋል» ወይም «አቻ ነው» ብለን ፋይሉን እንዘጋው ይሆን? ከተፈታስ ምን እናገኛለን? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሦስቱ አንዱ

በ1912 በእንግሊዝ ካምብሪጅ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ጀርመናዊው ኧርንስት ዘርሜሎ ቼስን የሒሳብ ጉዳይ አድርገው አቀረቡ። ጽሑፋቸው በዓመቱ ታተመ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ሐሳብ የሚለው ይህን ነው፦ ቼስ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ነጭ፣ ጥቁር ያሻውን ቢያደርግ፣ ማሸነፍ የሚችልበት መንገድ አለው። ወይ ጥቁር እንዲሁ አለው። አለዚያም ሁለቱም ቢያንስ አቻ መውጣት ይችላሉ። አራተኛ አማራጭ የለም።

ይህ እንዴት ይታወቃል? ከመጨረሻው በመነሣት ነው። ጨዋታው ያለቀባቸውን አሰላለፎች ሁሉ በሐሳብ እንሰብስብ። ቼክሜት ከሆነ አሸናፊው ታውቋል፤ አቻ ከሆነም ታውቋል። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ። ተራው የደረሰው ተጫዋች ካሉት እርምጃዎች አንዱ እንኳ ወደ አሸናፊነቱ የሚያደርስ ከሆነ ይህ አሰላለፍ የእሱ ድል ነው። ሁሉም እርምጃዎቹ ወደ ተጋጣሚው ድል የሚወስዱ ከሆነ ሽንፈቱ ነው። ከሁለቱም ካልሆነ አቻ ነው። እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ስንጓዝ ለእያንዳንዱ አሰላለፍ አንድ ፍርድ እንሰጣለን፤ በመጨረሻም ጠጠሮቹ ገና ሳይነኩ ወደተደረደሩበት መነሻ እንደርሳለን። ለእሱም ፍርድ ይወጣለታል። ያ ፍርድ ዛሬም አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው የለም።

ሐሳቡ የሚሠራው መሠረታዊ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። ጨዋታው ዕድል የሌለበት፣ የተሸሸገ ነገር የሌለበት፣ ተራ የሚጠበቅበትና መጨረሻ ያለው መሆን አለበት። ተራ መጠበቅ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግቢ ይዘወተር የነበረው የእኛው ሰንጠረዥ የሚጀምረው ያለ ተራ ነው። ወረራ በሚባለው በዚያ መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች የሌላውን እጅ እያዩ እንደፈለጉት ያህል ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እዚያ ፍጥነትና ዓይን የጨዋታው አካል ናቸውና «ፍጹም እርምጃ» የሚባለውን በዘርሜሎ መንገድ መጠየቅ የሚቻለው ወረራው ካበቃ በኋላ ነው።

የቁጥሩ ግድግዳ

መልሱ እንዳለ ከታወቀ ለምን ቁጭ ተብሎ አይሰላም? በ1950 የቤል ላብራቶሪው ክሎድ ሻነን፣ ኮምፒውተር ቼስ እንዲጫወት ስለማድረግ ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ይህንን ጥያቄ በቁጥር መለሱት። አንድ መደበኛ ጨዋታ 40 ያህል ዙር ቢሄድ፣ ጨዋታው ሊከተላቸው የሚችላቸው መንገዶች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ የተጻፈበት ቁጥር ያህል ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን መንገድ የሚመረምር ማሽን የመጀመሪያውን እርምጃ ለመወሰን ከ1 ቀጥሎ 90 ዜሮ ያለው ዓመት ይፈጅበታል።

ይህ ቁጥር ግን ችግሩን ያጋንነዋል። ብዙ መንገዶች ወደ አንድ አሰላለፍ ይደርሳሉ፤ አንድን አሰላለፍ ደግሞ አንድ ጊዜ መመርመር ይበቃል። ስለዚህ መቆጠር ያለባቸው መንገዶቹ ሳይሆኑ አሰላለፎቹ ናቸው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ትሮምፕ በቅርብ ዓመታት ባደረጉት ጥንቃቄ የተሞላ ግምት፣ በቼስ ሕግ ሊፈጠሩ የሚችሉ አሰላለፎች 4.8 ከ1 ቀጥሎ 44 ዜሮ ባለው ቁጥር ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ናቸው።

ይህን መጠን ለመጨበጥ እንዲህ እናስላ። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን አሰላለፍ የሚመረምር ኮምፒውተር አለን እንበል። አንድ ብቻ ሳይሆን አንድ ቢሊዮን እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች ያለ ዕረፍት ይሥሩ። ሥራው የሚፈጀው ጊዜ አጽናፈ ዓለም ከተፈጠረ ያስቆጠረውን 13.8 ቢሊዮን ዓመት በቢሊዮን ብናባዛው ከሚገኘው ይበልጣል። ውጤቱ የሚቀመጥበት ማከማቻ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው የማይቻል ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ግን ችኩል ነው። ሁሉንም አሰላለፍ ሳይመረምሩ አንድን ጨዋታ መፍታት ይቻላል፤ ደግሞም ተደርጓል።

መፍታት ስንል

ሆላንዳዊው ቪክቶር አሊስ በ1994 በዶክትሬት ጥናታቸው በግልጽ እንዳስቀመጡት «ተፈታ» የሚለው ቃል ሦስት ደረጃ አለው።

በመጀመሪያው ደረጃ ውጤቱ ብቻ ይታወቃል፤ መንገዱ አይታወቅም። ሄክስ የተባለው ጨዋታ ምሳሌ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ ጀማሪው ሁልጊዜ ማሸነፊያ እንዳለው በክርክር ብቻ አረጋገጡ። ሄክስ አቻ የለውም። ሁለተኛው ተጫዋች ማሸነፊያ ስልት አለው ካልን፣ ጀማሪው አንድ ጠጠር የትም ጥሎ ያንኑ ስልት ለራሱ ይወስደዋል፤ በሄክስ ትርፍ ጠጠር ፈጽሞ አይጎዳምና። ስለዚህ ሁለተኛው እንዲህ ያለ ስልት ሊኖረው አይችልም። ይህ ክርክር በቼስ አይሠራም። በቼስ መንቀሳቀስ ራሱ የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ተራው ስለደረሰበት ብቻ የሚሸነፍ ተጫዋች አለ። የብራውን ተጋጣሚ ግንቡን የሚያጣውም ባለበት መቆም ስለማይፈቀድለት ነበር።

በሁለተኛው ደረጃ ከመነሻው ተነሥቶ ውጤቱን የሚያስጠብቅ ሙሉ ስልት ይገኛል፤ ተጋጣሚ ምንም ቢያደርግ መልስ አለው። አራት ጠጠር በመስመር የማስገጠም ጨዋታ በ1988 በጄምስ አለንና በአሊስ፣ ለየብቻ ሲሠሩ፣ በዚህ ደረጃ ተፈታ፤ ጀማሪው መካከለኛውን ዓምድ ከያዘ ያሸንፋል። በ2016 ደግሞ ማርክ ዋትኪንስ፣ ጠጠሮቹን በሙሉ ያስበላ ሰው የሚያሸንፍበትን የተገላቢጦሽ ቼስ ፈትተው ነጭ እንደሚያሸንፍ አሳዩ።

በሦስተኛው ደረጃ ከመነሻው ብቻ ሳይሆን ከማንኛውም አሰላለፍ ተነሥቶ ምን መደረግ እንዳለበት ይታወቃል። እዚህ ላይ የገበጣ ዘመድ ይመጣል። በ2002 በአምስተርዳም ፍራየ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል፣ በምዕራብ አፍሪካ የሚታወቀውንና አዋሪ የሚባለውን ባለ 12 ጉድጓድ፣ ባለ 48 ፍሬ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ፈቱት። 889 ቢሊዮን አሰላለፎች በ144 ፕሮሰሰሮች በ51 ሰዓት ተሰሉ። ውጤቱ አቻ ነው። ይህ ግን የእኛን ገበጣ አይፈታውም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደመዘገቡት የአገራችን ገበጣ ከቦታ ቦታ ሕጉ ይለያያል፤ ሕግ ሲለወጥ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው፣ መልሱም ሌላ። እስከ ዛሬ ተጫዋቾቹ ብቻ የሚያውቋቸው የገበጣ ዓይነቶች ለአንድ ትጉ ተማሪ ክፍት የምርምር መስክ ናቸው።

የማይሸነፉት ሰው

ስለ ጨዋታ መፍታት የሚነገረው ትልቁ ታሪክ ግን የዳማ ነው። በየሰፈሩ በካርቶንና በቆርኪ የምንጫወተው ዳማ የቅርብ ዘመድ በሆነውና በአሜሪካና በእንግሊዝ በሚዘወተረው፣ ባለ 12 ጠጠር ዳማ ላይ ማሪዮን ቲንስሊ ለአርባ ዓመታት የሚያህላቸው አልነበረም። በፍሎሪዳ የሒሳብ መምህር፣ በትርፍ ጊዜያቸው ሰባኪ ነበሩ። በእነዚያ አርባ ዓመታት የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ሼፈር በ1989 ቺኑክ የተባለ የዳማ ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ። በ1990 ፕሮግራሙ ከቲንስሊ ጋር በወዳጅነት ሲጫወት፣ ቺኑክ አሥረኛውን እርምጃ እንዳደረገ ቲንስሊ ቀና ብለው «ይህ ይጸጽትሃል» የሚል መልእክት ያለው ነገር ተናገሩ። ማሽኑ ያኔ በልጫለሁ ባይ ነበር። በ36ኛው እርምጃ እጅ ሰጠ። ሼፈር ቆይተው ሲመረምሩት ያ አሥረኛ እርምጃ በእርግጥ የሽንፈቱ መነሻ ነበር፤ ቲንስሊም ቺኑክን የሚያሸንፈውን ብቸኛ መንገድ ነበር የመረጡት። ማሽኑ ከብዙ እርምጃ በኋላ ያየውን አዛውንቱ ወዲያው አይተውታል።

በ1992 ለንደን ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተገናኙ። ቲንስሊ 4 አሸነፉ፣ 2 ተሸነፉ፣ 33 ጊዜ አቻ ወጡ። በ1994 በቦስተን እንደገና ተቀመጡ። ስድስት ጨዋታ፣ ስድስቱም አቻ። ከዚያ ቲንስሊ ሆዳቸውን አመማቸውና ውድድሩን አቋረጡ። ሕመሙ የቆሽት ካንሰር ነበር፤ በሚያዝያ 1995 አረፉ። ሻምፒዮንነቱ ለማሽኑ ተሰጠ፤ ለሼፈር ግን ያልተቋጨ ድል ነበር። ቲንስሊ ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ማን ያሸንፍ እንደነበር የሚመልስ ውድድር ከእንግዲህ የለም። የሚቀረው ከዳማው ከራሱ ጋር መጋጠም ነው።

ሼፈርና ባልደረቦቻቸው ከሁለት ጫፍ ተነሡ። ከመጨረሻው በኩል፣ ሰሌዳው ላይ አሥርና ከዚያ በታች ጠጠር የቀረባቸውን 39 ትሪሊዮን አሰላለፎች ወደ ኋላ እየሄዱ አሰሉ። ከመጀመሪያው በኩል ደግሞ አስፈላጊ የሆኑትን መንገዶች ብቻ እየመረጡ ወደፊት ገፉ። እዚህ ላይ ያለው ብልሃት ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች አቻ እንደሚያስጠብቅ ለማሳየት የተጋጣሚውን እርምጃዎች በሙሉ መመርመር ግድ ነው፤ ለራሱ ግን በየቦታው አንድ ጥሩ እርምጃ ይበቃዋል። የቀሩት እርምጃዎች ባይመረመሩም ማረጋገጫው አይጎድልም። ኮምፒውተሮቹ፣ ሥራው በበዛበት ወቅት 200 ያህል ሆነው፣ በመሐል እየተቋረጠ ከ1989 እስከ 2007 ሠሩ። በሐምሌ 2007 ሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤቱ ታተመ፦ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ዳማ አቻ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ልብ በሉ። በዳማ ሊኖሩ የሚችሉ አሰላለፎች 500 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ናቸው። ለማረጋገጫው ግን 100 ትሪሊዮን ያህል ስሌት በቃ። ከአምስት ሚሊዮን አሰላለፍ አንዱን መንካት በቂ ሆነ ማለት ነው።

ለቼስም ይህንኑ ልክ ብንወስድ፣ ማለትም በዳማ ላይ የዜሮዎቹ ቁጥር በቀነሰበት መጠን ብንቀንስ፣ መመርመር የሚኖርብን ከ1 ቀጥሎ 30 ዜሮ ገደማ የሚሆን አሰላለፍ ነው። እነዚያ በሐሳብ የፈጠርናቸው ቢሊዮን ኮምፒውተሮች ይህን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይጨርሱታል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ደግሞም ለቼስ ያደላ። በዳማ መብላት ግዴታ ስለሆነ አማራጩ ጠባብ ነው፤ በቼስ ግን ተጫዋቹ በየተራው በአማካይ 35 ያህል እርምጃ አለው። ቢሆንም ግምቱ አንድ ነገር ያሳያል። የቼስ መፈታት ዛሬ ባለን መሣሪያ የማይታሰብ ነው፤ አይቻልም ብሎ የከለከለ የሒሳብ ሕግ ግን የለም።

ከሠላሳ ሁለት ሰባት

ከመጨረሻው ወደ ኋላ የሚደረገው ጉዞ በቼስም ቀጥሏል። ሪቻርድ ቤልማን በ1965 ሐሳቡን አቀረቡ፤ ቶማስ ሽትሮላይን በ1970 በዶክትሬት ጥናታቸው የመጀመሪያዎቹን ሠሩ፤ ቶምፕሰን በ1980ዎቹ አምስት ጠጠር ላይ ደረሱ። ቶምፕሰን በ1983 ያገኙት አንድ ውጤት የቼስን ዓለም አስደነገጠ። ሁለት ቢሾፕ በአንድ ፈረስ ላይ ሲሆኑ ፈረሱ ራሱን የሚያድንበት ምሽግ እንዳለው ከ1851 ጀምሮ ይታመን ነበር። ስሌቱ ግን ቢሾፖቹ በአብዛኛው እንደሚያሸንፉ አሳየ፤ አንዳንዴ እስከ 66 እርምጃ ድረስ ይፈጃል እንጂ። ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን ለእንዲህ ያሉ ፍጻሜዎች የ50 እርምጃውን ሕግ አላላው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወደ 50 መለሰው።

በ2012 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሎሞኖሶቭ በተባለው ሱፐርኮምፒውተር የሰባት ጠጠር ሠንጠረዦች ተጠናቀቁ። ክምችቱ 140 ቴራባይት ነበር። በኋላ ሮናልድ ደ ማን በፈጠሩት ቅርጽ የተሠራው ክምችት ከ20 ቴራባይት በታች ነው፤ 424 ትሪሊዮን ያህል አሰላለፎችን ይዟል፤ ዛሬ ማንም ሰው በስልኩ በነፃ ሊጠይቀው ይችላል። በዚህ ክልል ውስጥ ቼስ በሦስተኛው ደረጃ ተፈትቷል። የተፈታው ግን ሰባት ጠጠር ነው፤ ጨዋታው የሚጀምረው በ32 ነው፤ አንድ ጠጠር በተጨመረ ቁጥር ሥራው ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ይከብዳል።

ከእነዚህ ሠንጠረዦች ከወጡት ግኝቶች ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። ንግሥትና ወታደር፣ ግንብ፣ ቢሾፕና ፈረስ ባለው ወገን ላይ ቼክሜት ለማድረግ 549 እርምጃ የሚፈጅበት አሰላለፍ አለ፤ ሁለቱም ፍጹም ሆነው ሲጫወቱ ማለት ነው። ጨዋታውን ተከታትሎ ለመረዳት የሚሞክር ግራንድማስተር በመቶዎች ለሚቆጠሩ እርምጃዎች ምን እየተደረገ እንዳለ አይገባውም። ጠጠሮቹ ያለ ዓላማ የሚንከራተቱ ይመስላሉ። ንጉሡ ወደ ግራ ሄዶ ወደ ቀኝ ይመለሳል። እያንዳንዷ እርምጃ ግን ትክክል ናት፤ ከቦታዋ ብትነቃነቅ ጉዞው ይረዝማል ወይም ድሉ ይጠፋል።

ሠንጠረዡን «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የለውም። የሚያውቀው «ያሸንፋል»፣ «ይሸነፋል»፣ «አቻ»ን እና የርቀቱን ቁጥር ብቻ ነው።

የሚታመንና የተረጋገጠ

ዛሬ ስለ ቼስ በጥልቀት የሚያውቁ ሰዎችን ብትጠይቁ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ቼስ አቻ ነው» ይሏችኋል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በ2018 ለንደን ላይ ማግነስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮንነት ባደረጓቸው 12 መደበኛ ጨዋታዎች 12ቱንም አቻ ወጡ። የቼስ ፕሮግራሞች ደግሞ ከሰው እጅግ ርቀው ሄደዋል፤ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ይመረምር ነበር፤ የዛሬዎቹ እሱን በቀላሉ ይረቱታል። እነዚህ ፕሮግራሞች ከመደበኛው መነሻ እርስ በርስ ሲጋጠሙ አቻ ስለሚበዛባቸው፣ የውድድር አዘጋጆች ሚዛኑ ያጋደለ መክፈቻ እየመረጡ ያስጀምሯቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ማስረጃ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የሁለቱ ቢሾፖችን ጉዳይ እናስታውስ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ፣ በሊቃውንት የተደገፈ እምነት በአንድ ስሌት ፈረሰ። ጠንካራ ፕሮግራሞች ሁሉ አቻ የሚወጡት ቼስ አቻ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕውርነት ስላለባቸውም ሊሆን ይችላል። እኔም አቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ግን ማመኔን እንጂ ማወቄን አልናገርም፤ ሁለቱን የሚለያቸውን ድንበር ማክበር የሳይንስ ግማሽ ሥራው ነው። ሼፈርም ዳማ አቻ እንደሆነ አስቀድመው ያምኑ ነበር፤ በ2007 ያገኙት አዲስ ነገር ማወቅ ነው።

ፍጽምና የማይሰጠን

ፍጹም ተጫዋች ቢኖረን ምን ዓይነት ይሆናል? ብዙዎቻችን የምንስለው ሁሉንም የሚያደቅቅ ኃያል ነው። ትርጉሙን ጠበቅ አድርገን ከያዝነው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ቼስ አቻ ከሆነ በመነሻው ላይ ያሉት ሃያ እርምጃዎች፣ ምናልባት ከጥቂቱ በስተቀር፣ ለፍጹሙ ተጫዋች እኩል ናቸው። ሁሉም አቻ ናቸውና አንዱን ከሌላው የሚያስመርጠው ምክንያት የለውም። ወታደሩን ሰጥቶ በመከራ አቻ የሚያስጠብቅ እርምጃና ተጋጣሚን ለሃምሳ እርምጃ የሚያስጨንቅ እርምጃ በእሱ መዝገብ አንድ ቀለም አላቸው። እንዲህ ያለው ተጫዋች በፍጹም አይሸነፍም፤ ከመካከለኛ ተጫዋች ጋር ግን አቻ ወጥቶ ሊነሣ ይችላል፤ ፍጽምናውም አይጎድልም። ሽንፈት ላይ ባለ አሰላለፍ ደግሞ የባሰ ነው። ርቀት የማይቆጥር ከሆነ፣ ሁሉም እርምጃ ሽንፈት ስለሆነ፣ ተጋጣሚው ሊሳሳትበት የሚችለውን ጠመዝማዛ መንገድ ከቀጥተኛው አይለይም።

ተጋጣሚን የሚያስቸግረውን መምረጥ፣ የትኛው ጥያቄ ለየትኛው ሰው እንደሚከብድ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ የሚሳሳቱ ፍጥረታት ጥበብ ነው። ቲንስሊ በዚያ አሥረኛ እርምጃ ላይ ያደረጉት ነገር በሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ሠንጠረዡ «ሽንፈት» ይል ነበር፤ ቲንስሊ ግን ለምን ሽንፈት እንደሆነ አይተዋል፤ ያዩት ነገር ምክንያት ስለሆነም ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ብራውንም ወደ ቤታቸው ሄደው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማሽኑ ካሳያቸው ትክክለኛ ነገር የሰው ጭንቅላት የሚይዘው መርሕ ፈለጉ፤ አገኙም። ከዚያ በኋላ የመጡት የፍጻሜ ጨዋታ መጻሕፍትም ከሠንጠረዦቹ እየቀዱ ለተማሪ የሚገባ ምክንያት እየሠሩ ነው።

ስለዚህ ቼስ ይፈታ ይሆን ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ፣ በሦስተኛው ደረጃ፣ አይፈታም፤ ውጤቱን የሚይዝ ማከማቻ መገመት ያስቸግራል። ከመነሻው ብቻ ተነሥቶ፣ በሁለተኛው ደረጃ፣ የሚፈታበትን ቀን ማየት የምንችል አይመስለኝም፤ በሩን ግን ሒሳብ አልዘጋውም፤ ሊዘጋውም ለሚሞክር ሰው የዳማ ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። ተፈትቶ አቻ መሆኑ ቢታወጅም ያ ዜና በማግስቱ የሚጫወተውን ልጅ አይጎዳውም። ዳማ ከ2007 በኋላም ይጫወቱታል፤ ውድድሩም አልቆመም፤ ምክንያቱም ማረጋገጫው በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፤ ተጫዋቾቹም አሁንም ይሳሳታሉ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ «ምርጡ እርምጃ ይህ ነው» እያለው ያደገ ተማሪ፣ መልስ መቀበልን ከመረዳት ጋር እንዳያምታታ። በቼስ ክለብና በትምህርት ቤት የምታስተምሩ መምህራን፣ ፕሮግራሙ ያሳየውን እርምጃ ተማሪው በራሱ ቃል «ለምን» ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ አትቀበሉት። እርምጃውን ማሽኑ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን የሚሠራው ሰው ነው፤ ይህን ሥራ ለማሽን የሚተው ተማሪ ከቼስ የሚማረው ነገር አይኖረውም።